ለቆጮ ቅጠል እናነጥፋለን፣ ለቆሻሻስ?

ስለ ቆሼ ስናወራ ሁሌም ወደ ላይ ነው የምናየው። ስለ ክምሩ፣ ስለ ሽታው፣ ስለ ጭሱ እናወራለን። ከሁሉም በላይ ደግሞ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ስለቀበረው ናዳ። ያኔ አገር ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠ። ዛሬ ግን፣ ውድ አንባቢያን፣ ወደ ታች እንይ። ከክምሩ ሥር ምን አለ?

እኔ የእምድብር ልጅ ነኝ። በእኛ አገር እናቶች ቆጮ ሲቀብሩ ጉድጓዱን እንዲሁ ባዶውን አይተዉትም። ዙሪያውንና ወለሉን በእንሰት ቅጠል ደራርበው ያለብሱታል፣ የተቀደደውን ይቀይራሉ፣ ከላይም ሸፍነው ድንጋይ ይጭኑበታል። አፈር እንዳይገባበት፣ ውስጡ ያለውም እንዳይጎዳ ነው። እናቴ ጂኦሎጂ አልተማረችም። ጉድጓድ ውስጥ ያለ ነገርና ዙሪያው ያለ አፈር መነካካታቸው እንደማይቀር ግን ታውቃለች።

ቆሼ ከ50 ዓመት በላይ ቆሻሻ ሲደፋበት ከሥሩ ምንም አልተነጠፈለትም። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በክምሩ ውስጥ እየሰረገ ያገኘውን ሁሉ አጥቦ ይወርዳል። የበሰበሰ ምግብ አሞኒያ ይሰጠዋል፤ ባትሪና ብረታ ብረት ደግሞ እርሳስንና ካድሚየምን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶች ሊጨምሩበት ይችላሉ። ይህ ጥቁር ፍሳሽ አንድም በመሬት ላይ ወደ ወንዝ ይሄዳል፣ አንድም ወደ ከርሰ ምድር ይሰርጋል።

የሚሰርግበት መሬት ምን ዓይነት ነው የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። የአዲስ አበባ ከርሰ ምድር እሳተ ገሞራ የሠራው ነው፤ ባዛልት፣ ትራኪት፣ ኢግኒምብራይትና የአመድ ድንጋይ ተደራርበውበታል። ወፍራም ሸክላ አፈር ባለበት ቦታ ፍሳሹ ይዘገያል፣ ከፊሉም ተጣርቶ ይቀራል። ድንጋዩ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ግን ስንጥቁ ቧንቧ ነው፤ አያጣራም፣ ያስተላልፋል። በጥቅሉ የከተማዋ የከርሰ ምድር ውሃ ከሰሜን፣ ከእንጦጦ በኩል፣ ወደ ደቡብ ወደ አቃቂ ይጓዛል። ቆሼ ያለው ደግሞ በትንሹ አቃቂ ተፋሰስ ውስጥ ነው። የአቃቂ ጉድጓዶች ከአዲስ አበባ ዋና ዋና የመጠጥ ውሃ ምንጮች መካከል ናቸው።

ልብ በሉ፤ ቆሼ የአቃቂን ጉድጓዶች በክሏል እያልኩ አይደለም። ይህን የሚናገረው መለኪያ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። መለኪያው ደግሞ የክትትል ጉድጓድ ነው። ውሃው ወደ ክምሩ ከሚመጣበት አቅጣጫ አንድ፣ ከክምሩ አልፎ በሚሄድበት በኩል ቢያንስ ሦስት ተቆፍረው በየጊዜው ናሙና ይወሰዳል፤ ሁለቱ ወገኖች ይነጻጸራሉ። የከርሰ ምድር ውሃ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ዛሬ የገባው ጉድጓድ የሚደርሰው ከዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል። አንዴ ከተበከለ ደግሞ ማጽዳቱ እንደ ወንዝ አይደለም።

ከናዳው በኋላ ሥራ አልተሠራም ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም የፉኩኦካን ዘዴ ወደ ቆሼ አምጥቷል። በዚህ ዘዴ በቆሻሻው ውስጥ ቧንቧና ድንጋይ ተዘርግቶ ፍሳሹ እንዲወጣ፣ አየርም እንዲገባ ይደረጋል። መበስበሱ ይፋጠናል፣ የሚቴን ጋዝ ይቀንሳል፣ ተዳፋቱም ይረጋጋል። ነገር ግን የ50 ዓመት ክምር አንስቶ ከሥሩ የሚያነጥፍ ዘዴ አይደለም። ቅጠሉ መነጠፍ የነበረበት ከቆጮው በፊት ነው።

ታዲያ ማንጠፍ ብቻውንስ ይበቃል? ሰንዳፋን እናስታውስ። በ2008 ዓ.ም. በዘመናዊ መንገድ የተሠራው የቆሻሻ ማስወገጃ ሥራ በጀመረ በወራት ውስጥ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ ቆመ። ሽታውና የውሃ ብክለቱ ከቅሬታዎቹ መካከል ነበሩ። ቆሻሻው ተመልሶ ወደ ቆሼ ሄደ፤ ናዳው የመጣው በቀጣዩ መጋቢት ነው። ከቦታው ሰው ጋር ሳይመክሩ የተመረጠ ቦታ፣ ምን ያህል ቢነጠፍለት፣ ዕዳው በሌላ በኩል ይመጣል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። እምድብርም፣ ወልቂጤም፣ ቡታጅራም እያደጉ ነው። ፌስታሉና ባትሪው ከሰው ቁጥር ቀድሞ ነው የሚበዛው። በየትንንሽ ከተሞቻችን የቆሻሻ ቦታ ሲፈለግ የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ «ርቀቱ ስንት ነው? የማን መሬት ነው?» የሚል ነው። ገደል ከተገኘማ ደስታ ነው። ገደል ግን ውሃ የሚወርድበት ቦታ ነው፤ ከሥሩም ምንጭ አይጠፋም።

ባለፈው የመስቀል በዓል አገር ቤት ሳለሁ ለጎረቤቶቻችን ውሃ የቆፈሩ አንድ አባት አገኘሁ። «ጋሼ፣ ውሃው የት እንዳለ በምን ያውቃሉ?» አልኳቸው። «አፈሩ ይነግረኛል» አሉኝ። መጀመሪያ ቀዩ አፈር፣ ቀጥሎ እንደ አመድ የሚፈርሰው ነጣ ያለ ድንጋይ፣ ከዚያ ርጥበቱ። እኝህን ሰው ስለ ቆሻሻ ቦታ የጠየቃቸው የለም።

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የግምገማ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት ደንግጓል። ስለዚህ በየከተማችሁ ቦታ ሲመረጥ ሦስት ነገር ጠይቁ። አፈሩ ተቆፍሮ ታይቷል ወይ? ቅርብ ያለው ምንጭና ጉድጓድ በየትኛው አቅጣጫ ነው? የክትትል ጉድጓዱን ውጤት ማን፣ በየስንት ጊዜው ለሕዝብ ይነግራል? ለቆሼም ሦስተኛው ጥያቄ ዛሬም ይሠራል።

መልስ ከሌለ መኪናው ገና አይገልብጥ።

ቸር እንሰንብት።