ስልሳ በለው

«አባቴ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?»
«እኔ እንጃ ልጄ፤ ስልሳ በለው።»
ቆጣሪው 60 ብሎ ይጽፋል። የቆጠራዎቻችንን የዕድሜ ሰንጠረዥ ያገላበጠ ሰው 30፣ 40፣ 50 እና 60 ላይ የተከመረውን ሕዝብ ያያል፤ 41 እና 59 ግን ባዶ ለመሆን ምንም አይቀራቸውም። ለዚህ ክምችት መለኪያ አለ፤ ዊፕል ይሉታል። 100 ከሆነ ክምችት የለም፤ 500 ከሆነ ሁሉም ሰው በ0 ወይም በ5 የሚያልቅ ዕድሜ ተናግሯል ማለት ነው። «ንጉሡ ከዙፋን ሲወርዱ እርስዎ ልጅ ነበሩ ወይስ ጎረምሳ?» ብሎ መጠየቅ ብዙውን ያቃናል። ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ቆጣሪው ደግሞ ገና ብዙ ቤት ይቀረዋል።

*

ከ1992 ወዲህ በሚካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ለተወለደ ሕፃን ብዙ ጥያቄ አለ፦ ክትባቱ፣ ተቅማጡ፣ ጡት መጥባቱ። ሕፃኑ ከአምስት ዓመቱ ገደብ በፊት ተወልዶ ከሆነ ግን ይኼ ሁሉ ይዘለላል። የደከመች ጠያቂ የልደቱን ዓመት ትንሽ ወደ ኋላ ትገፋዋለች። ከገደቡ በፊት ያለው ዓመት በልደት ይጥለቀለቃል፤ የቅርቡ የወሊድ መጠን ደግሞ የቀነሰ ይመስላል። ይኼን በመሰለ ስህተት ላይ ተመሥርቶ ስንት የድል ሪፖርት ተነብቦ ይሆን?

*

አማቷ አጠገቧ ተቀምጣ ስለ ወሊድ መከላከያ የተጠየቀች ሙሽራ ምን ትመልሳለች?

*

የከብቱን ቁጥር ሳያጎድል የሚናገር ገበሬ ብርቅ ነው። ግብር አለ፤ ዓይንም አለ። እርዳታ ሊመጣ ነው ሲባል ደግሞ የቤተሰቡ ቁጥር ይበዛል። የቀበሌው ሊቀመንበር ከጠያቂው ጎን ከቆመ መልሱ ጭራሽ ሌላ ነው። እኔ ገበሬውን አልወቅስም፤ መዝገብ አንድም ቀን ጠቅሞት አያውቅ ይሆናል።

*

መሬትም እንደዚሁ። የገበሬ ግምት በጂፒኤስ ሲመሳከር፣ ትንሽ ማሳ ያለው አብዝቶ፣ ሰፊ ያለው አሳንሶ የመናገር ዝንባሌ ታይቷል። በሄክታር ስንት ኩንታል ተገኘ የሚለው ስሌት የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

*

ሕገ መንግሥቱ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄድ ይላል። ሦስተኛው የተካሄደው በ1999 ነው፤ አራተኛው ደግሞ በ2010 ቢባል፣ በ2011 ቢባል ተራዘመ። ለቆጠራው የሚሆነው ታብሌት ግን ተገዝቶ ነበር። ታብሌት የተዘለለ ጥያቄ ያስታውሳል፤ በፍርሃት የተሰጠን መልስ ግን እንዳለ ይቀበላል። ስለዚህ በጀት የምትይዙ ሰዎች፣ ለቆጣሪው በቀን የሚደርሰውን ቤት ቀንሱለት፣ ሥልጠናውን አርዝሙለት፤ ሊቀመንበሩንም ከአጠገቡ አርቁለት።