የጨመርኩት መጨረሻ

የጻፋችሁትን ለሌላ ሰው አሳይታችሁ፣ መጨረሻው ተቀይሮ ተመልሶላችሁ ያውቃል? እኔ በአንዲት ተማሪዬ ላይ ይህን አድርጌአለሁ። ያደረግሁት በቀይ እስክሪብቶ ነው፤ በቅን ልብ ነው፤ ከጸለይኩም በኋላ ነው። በየኅብረታችሁ ግጥምና መነባንብ የምታዘጋጁ፣ የምትጽፉና የሌላውን ጽሑፍ የምታርሙ ወጣቶች ሆይ፣ ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ነው። ኮቪድ አገራችን መግባቱ በተነገረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት ይተላለፋል ተባለ፤ ግን እዚህ ኮንጋ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ስንት ነው? ያለውስ ቢሆን መብራቱ መቼ ይቆያል? በውጭ አገር ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሳይልኩ እቤት ራሳቸው የሚያስተምሩ ወላጆች እንዳሉ አንብቤ ነበር። እነሱ መጻሕፍት መርጠው፣ ሰዓት አውጥተው ነው። የእኛዎቹ ልጆች የቤት ተማሪ የሆኑት ማንም ሳይመርጥላቸው ነው። አባት ቡናው ውስጥ ነው፣ እናት እንሰት ትፍቃለች፣ ልጅ ደብተሩን ይዞ በራፍ ላይ ተቀምጧል።

በቤተ ክርስቲያናችን የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ወጣቶችን የማስተምረው እኔ ነበርኩ። ጉባኤ ቀርቷል። ሚያዝያ ላይ ደግሞ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ እኔና ሦስት ተማሪዎች። ዘጠኝ ልጆች ነበሩ፣ ሦስት ጓሮ ተገኘ። እንሰት ሥር ተራርቀን፣ አፍና አፍንጫችንን በጨርቅ ሸፍነን፣ ከእያንዳንዱ ቡድን ጋር በሳምንት ሁለት ጊዜ መገናኘት ጀመርን። ፊዚክስ ላስተምር ብል ማንም አያምነኝም። የምችለው ኮሌጅ የተማርኩትን ነው። የዓለም ሥነ ጽሑፍና ድርሰት አስተምራለሁ አልኩ።

እዚህ ላይ አንድ ሽማግሌ አስቆሙኝ። «የዓለም ምን?» አሉኝ።

እናንተም ታውቁታላችሁ፤ እኛ ቤት «ዓለም» የሚለው ቃል ጥሩ ስም የለውም። ምስክርነት ስንሰጥ «ዓለም ውስጥ ሳለሁ» ብለን ነው የምንጀምረው። ሽማግሌው ያስጨነቃቸው በዚህ በመከራ ጊዜ ልጆቹ ተረት ይዘው ቃሉን እንዳይተዉ ነው። እኔም ናታንን ጠቀስኩላቸው። ነቢዩ ንጉሥ ዳዊት ዘንድ ሲገባ ክስ አላነበበም፤ ስለ አንድ ድሃና ስለ አንዲት በግ ታሪክ ነገረው። ዳዊት የሌላ ሰው ታሪክ ስለመሰለው እስከ መጨረሻው አዳመጠ፣ ተቆጣ፣ ፈረደ፤ የፈረደው በራሱ ላይ መሆኑን ያወቀው ኋላ ነው። ሽማግሌው በጥሞና ሰምተውኝ ፈገግ አሉና «ናታን ግን ተልኮ ነው የሄደው» አሉኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ዛሬም ያለኝ አይመስለኝም። ቢሆንም ፈቀዱልኝ።

መጽሐፍ አልነበረንም። ታሪኮቹን እኔ እያነበብኩ በአማርኛ አሳጥሬ በእጄ እጽፋለሁ፣ ይርጋ ጨፌ ሄጄ ፎቶ ኮፒ አስደርጋለሁ። መጀመሪያ የወሰድነው ሊዮ ቶልስቶይ በ1886 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን፣ ለሰው ምን ያህል መሬት ይበቃዋል የሚለውን አጭር ታሪክ ነው። ፓሆም የሚባል የሩሲያ ገበሬ በሩቅ አገር መሬት በቀን እንደሚሸጥ ይሰማል። በአንድ ሺህ ሩብል፣ ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ በእግሩ ዞሮ የከበበው ሁሉ የእሱ ይሆናል፤ ከጨለመ በኋላ ከተመለሰ ግን ገንዘቡም መሬቱም ቀረ። ፓሆም ለም መሬት ባየ ቁጥር ክቡን ያሰፋል። መጨረሻ ላይ ሮጦ ይደርሳል፤ ደርሶም ወድቆ ይሞታል። የሚበቃው መሬት ከራሱ እስከ እግሩ ያለው ሆነ።

እኔ ስለ ስግብግብነት ሊናገሩ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ኮንጋ ግን ኮንጋ ነው። እዚህ አባት ያችኑ ጓሮ ለአራት ወንዶች ልጆች ያካፍላል፤ ልጆቹ ደግሞ ያካፍሏታል። እንሰቱ ከቡናው፣ ቡናው ከዛፉ ሥር ተደራርቦ የሚበቅለው አንዲት ክንድ መሬት ባዶ እንዳትቀር ነው። ይህ የአባቶቻችን አያያዝ ኋላ በ2016 ዓ.ም. መስከረም የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ተብሎ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ልጆቹ ታዲያ ፓሆምን አልፈረዱበትም። አንዱ «ወንድሙን ይዞት ቢሄድ ኖሮ ተቀባብለው ይሮጡ ነበር» አለ። ሌላው «ይህን ሰውዬ አውቀዋለሁ፣ የአባቴ ወንድም ነው» ሲል በሳቅ ፈረስን። ሦስተኛዋ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቃ «የእኛ መሬት ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ብላ ጠየቀች። በሰዓት አልነበረም፤ በደቂቃ ቆጠሩት።

ቀጥሎ የናይጄሪያው ቺኑዋ አቼቤ በ1958 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ቲንግስ ፎል አፓርት» መጣ። በዚህ ላይ ሦስት ሳምንት ቆየን። ንዎዬ የሚባለው ልጅ ወደ ክርስትና የተሳበው በክርክር ተረትቶ አይደለም። ጫካ የተጣሉ መንትያ ሕፃናትን ለቅሶ ሰምቷል፤ እንደ ወንድም ያየው የነበረው ልጅ ተገድሎበታል። ማንንም ሊጠይቅ ያልቻለውን ጥያቄ ተሸክሞ ሳለ ነው መዝሙሩ ጆሮው የገባው። በሌላ ቦታ ደግሞ ሚሲዮናዊው ሚስተር ብራውንና አኩና የሚባለው የመንደሩ ታላቅ ሰው ቁጭ ብለው ሰማይንና ምድርን ስለ ፈጠረው ስለ ቹኩ ይነጋገራሉ። እዚያ ስንደርስ አንዱ ልጅ «ማጌኖ ማለት ነው» አለ። አያቶቻችን ወንጌል ሳይደርሳቸው ፈጣሪን የጠሩበትን ስም በሌላ አገር ሰው መጽሐፍ ውስጥ አገኘው። ያን ቀን ትምህርቱ ከሰዓቱ አለፈ፤ የጓሮው ባለቤት በቆሎ ጠብሰው እስኪያመጡልን ማንም አልተነሳም።

ማንበቡ እንዲህ ሄደ። መጻፉ ግን አስቸገረን።

የመጀመሪያው የቤት ሥራ ከቤታችሁ እስከ ምንጩ ያለውን መንገድ ጻፉ የሚል ነበር። ዘጠኝ ወረቀት መጣልኝ፣ ዘጠኙም ምስክርነት። መንገዱ በሁለት መስመር ያልቅና «ይህን ምንጭ የሰጠን ጌታ ስሙ ይባረክ» ይላል። አሜን። ግን ድንጋዩ የት ነው? ሲዘንብ የሚያንሸራትተው የትኛው ጋ ነው? በምስክርነት እየቀለድኩ አይደለም፤ እኔ ራሴ በሰው ምስክርነት ነው የዳንኩት። ነገር ግን ከልጅነታችን ጀምረን የሰማነው የታሪክ ቅርጽ አንድ ነው፤ ጨለማ ነበር፣ ብርሃን ሆነ፣ ጭብጨባ። እጃችን ሳናዝዘው ወደዚያ ይሄዳል። ስለዚህ ደንብ አወጣሁ፤ ያያችሁትን፣ የሰማችሁትን፣ የነካችሁትን ብቻ ጻፉ፣ የማታውቁትን አትጨምሩ። ቀስ በቀስ ሠራ። አንድ ልጅ ስለ ቡና ማጠቢያው ጻፈ። እሸቱ ተፈልፍሎ ውኃው ውስጥ ሲያድር የሚሸተውን፣ እናቱ አልጋው ላይ ከተሰጣው ቡና የተበላሸውን ስትለቅም ውላ ማታ እንጀራ ስትቆርስም ጣቷ እንደሚለቅም። ይህን ሳነብ ደንቡን ያወጣሁት እኔ በመሆኔ ኮራሁ። ደንቡን ያፈረስኩትም እኔ ነኝ።

ከዘጠኙ አንዷ፣ ስሟን አልጽፍም፣ የኮንጋ ተወላጅ አልነበረችም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሳው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ መፈናቀሉን ታስታውሳላችሁ። ሚያዝያ ላይ አንድ ጊዜ፣ ሰኔ አካባቢ ደግሞ እንደገና። ትምህርት ቤቶችና የጸሎት ቤቶች መጠለያ ሆነው ነበር። ይህች ልጅ ያኔ ከእናቷ ጋር መጥታ ዘመድ ዘንድ ቀረች። በሁለት ዓመት ውስጥ ስለዚያ ነገር አንድ ቃል ስትናገር አልሰማሁም። አንድ ቀን ግን ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፋ ሰጠችኝ።

እናቷ እንሰት ፍቃ ገና ጉድጓድ ውስጥ መቅበሯ ነበር። ማታ ሰው እየሮጠ መጥቶ ውጡ አላቸው። እናቷ ጉድጓዱን በኮባ ቅጠል ሸፍና ድንጋይ ጫነችበት፤ ልክ ነገ እንደምትመለስ ሰው። መንገድ ላይ የሚያውቋት ጎረቤት በር ጋ ደረሱ። ጎረቤታቸው ውኃ ሰጠቻቸው፤ ከዚያ ምንም ሳትናገር በሩን ዘጋችው፣ መቀርቀሪያው ሲገባ ሰሙ። ጽሑፉ የሚያልቀው፣ ፈርታ ይሁን ጠልታን አላውቅም፣ በሚል ነበር።

አለቀስኩ። ከዚያ እስክሪብቶዬን አነሳሁ። ከሥሩ «እኔ ግን በጌታ ፍቅር ይቅር ብያታለሁ» ብዬ ጨመርኩ፣ በጎን «እጅግ ግሩም!» ብዬ ጻፍኩ፣ ጉባኤ ሲከፈት በመድረክ እንድታነበው አሰብኩ።

በሚቀጥለው ቀን አልመጣችም። በሚቀጥለውም። ሦስት ጊዜ ስትቀር ቤታቸው ሄድኩ። እናቷ ቡና ስታፈላ እሷ በሩ ጋ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። ደጋግሜ ስጠይቃት «መምህር፣ እርስዎ የጻፉትን እኔ አላልኩም» አለችኝ።

«መልካም ነገር እኮ ነው የጨመርኩት» አልኳት።

«መልካም ነው። ግን ሴትዮዋ ፈርታ ከሆነስ? ፈርታ ከሆነ ምኗን ነው ይቅር የምላት?»

ስኒው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ይቅር ለማለት በደል መኖር አለበት። እኔ ልጅቷን መልካም ላደርጋት ስል አንዲት የማላውቃትን ሴት በአንድ መስመር በዳይ አድርጌአታለሁ። ያውም በጨለማ ውኃ የሰጠቻቸውን። በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር የሚለውን ትእዛዝ ለዘጠኝ ዓመት አስተምሬአለሁ፤ በቀይ እስክሪብቶም ሊጣስ እንደሚችል አስቤ አላውቅም ነበር። ይቅርታ ጠየቅኋት። እናቷ አማርኛውን ብዙ ስለማትሰማ ምን እንደሆነ ጠየቀቻት፤ ልጅቷ በጌዴኦኛ የነገረቻት አጭር ነበር። እናትየው ሁለተኛውን ስኒ ቀዳችልኝ።

ያን ሳምንት ለሦስቱም ቡድን ያደረግሁትን ተናገርኩ። ከዚያ ትንቢተ ዮናስን እንደ ታሪክ አነበብን። እስቲ እናንተም አንዴ ከፍታችሁ እዩት። ዮናስ ከነነዌ ውጭ ተቀምጦ ተቆጥቷል፣ ቅሉ ደርቋል፣ እግዚአብሔር ይጠይቀዋል፤ መጽሐፉ በጥያቄው ያበቃል። ዮናስ ምን እንደመለሰ አልተጻፈም። የጠፋው ልጅ ምሳሌም እንዲሁ ነው። ታላቅ ወንድሙ ውጭ ቆሟል፣ አባቱ ወጥቶ ይለምነዋል። ገባ ወይስ አልገባም? ስንሰብከው ሁልጊዜ እናስገባዋለን። መዝሙር 88 ደግሞ፣ በድሮው ቁጥር 87፣ በጨለማ ጀምሮ በጨለማ ያልቃል፤ ከመዝሙራት መካከል ግን ማንም አላወጣውም። አንዱ ልጅ «ይህን መዝሙር እኛ ብንጽፈው ኖሮ መምህር ይጨምሩበት ነበር» አለ። አልተከፋሁም። በጣም ትንሽ ነው የተከፋሁት።

የመጨረሻው ንባባችን ስለ ኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ነበር። በእንግሊዝኛ ጽፎ ስሙ የታወቀ ሰው ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. እስር ቤት ሳለ ግን በእናቱ ቋንቋ በኪኩዩ ልብ ወለድ ጻፈ፤ የጻፈውም በሽንት ቤት ወረቀት ላይ ነው። ልጆቹ ወረቀቱ አሳቃቸው። እሷ አልሳቀችም። «በጌዴኦኛ ብጽፈው እናቴ ትሰማዋለች» አለች።

ትምህርት ቤት በ2013 መጀመሪያ ገደማ ተከፈተ፤ የጓሮ ክፍላችንም ተበተነ። ልጅቷ ግን ጽሑፏን አልተወችም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የቡና ለቀማ ወቅት ነው፣ ቤታቸው ጠራችኝ። እናቷ ቆጮ እየጋገረች ነበር። ልጅቷ ደብተሯን ከፍታ በጌዴኦኛ ማንበብ ጀመረች። ሩጫው፣ ጉድጓዱ፣ ቅጠሉ፣ ድንጋዩ። ጎረቤታቸው፣ ውኃው፣ በሩ። መጨረሻው ያው የራሷ ነው። አንድ ቃል አልጨመረችበትም፤ እኔም የምጨምረው አልነበረኝም።

እናቷ ጀርባዋን ሰጥታን እሳቱን ስታስተካክል ቆየች። አለቀሰች ብዬ አስቤ ነበር። ዞር ስትል ግን ዓይኗ ደረቅ ነበር።

«ጉድጓዱ አንድ አይደለም» አለቻት። «ሁለት ነበር። አንዱን ገና መክፈቴ ነበር። ጻፊው።»