ስበት የለም ብዬ ጻፍኩ

ባለፈው ሴሚስተር አጭር የሳይንስ ዜና እንድንጽፍ ታዘዝን። እኔም ስለ ዓለም አቀፉ የህዋ ጣቢያ ጻፍኩና «እዚያ የመሬት ስበት ስለሌለ ጠፈርተኞች ይንሳፈፋሉ» ብዬ በልበ ሙሉነት ደመደምኩ። ወረቀቱ ሲመለስ ዐረፍተ ነገሩ በቀይ እስክሪብቶ ተከቦ፣ ከጎኑ «ምንጭህ ማነው?» ተብሎበታል።

እውነት ለመናገር ምንጭ የለኝም። ስበት የሚለውን ቃል የማውቀው ከሰፈር ነው። «ልጅቷ ሳበችኝ»፣ «ከተማው ስቦ አስቀረው» እንላለን። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል ስለምንልም፣ ከመሬት የራቀ ሰው ከስበት ያመለጠ መሰለኝ።

ላይብረሪ ገብቼ የሃይስኩል የፊዚክስ መጽሐፍ አገላበጥኩ። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ያሳተመው ሕግ ሌላ ነገር ይላል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ስበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ይቀንሳል እንጂ ዜሮ አይሆንም። ርቀቱ የሚለካው ደግሞ ከመሬት እምብርት ነው። እኛ ራሳችን ከእምብርቷ 6,400 ኪሎ ሜትር ገደማ እንርቃለን። የህዋ ጣቢያው በዚህ ላይ የሚጨምረው 400 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ እዚያ ያለው ስበት እዚህ ካለው 90 በመቶ ገደማ ይሆናል።

ታዲያ ለምን ይንሳፈፋሉ? ከነጣቢያቸው አብረው ስለሚወድቁ! በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጎን ስለሚበሩ ግን ሲወድቁ መሬትን ይስቷታል፤ ይዞሯታል። ክብደታቸው አይሰማቸውም እንጂ ስበቱ አለ።

በዚያው ሳምንት እናቴ ከደብረ ታቦር ደወለች። አንደኛ ዓመት እያለሁ በየእሁዱ እደውልላት ነበር። ዘንድሮ ወር ሊሞላኝ ነው፤ ለምጃለሁ፣ ናፍቆቱም ለቆኛል ብዬ ነበር። «ልጄ፣ ድምፅህ ጠፋብኝ» ስትለኝ ጉሮሮዬን አንድ ነገር ያዘኝ። ዶርም ውስጥ ልጆች ስለነበሩ ወደ በረንዳ ወጣሁ።

ፊዚክስንና ናፍቆትን ማምታታት እንደማይገባ አውቃለሁ። ኒውተን ስለ እናቴ አልጻፈም። የእኔ ስህተት ግን በሁለቱም ቦታ አንድ ነበር፦ ያልተሰማኝን ነገር «የለም» አልኩ። ለጋዜጠኛ ደግሞ «የለም» ከሁሉም በላይ ማጣራት የሚፈልግ ቃል ይመስለኛል።

ዜናውን አስተካክዬ መለስኩ። እሁድም ሳይደወልልኝ ደወልኩ።