አሮጌው አውቶቡስ ለምን ቤት ይሁን?

ይፋግ ከወረታ ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ አዲስ ዘመን ከመድረሷ በፊት የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአገራችን የተዘዋወሩ የውጭ አገር ተጓዦች ገበያዋን በማስታወሻዎቻቸው ጠቅሰውታል። ዛሬ ግን በመኪና የሚያልፍ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ ልብ ሳይላት ያልፋል። የእናቴ ቤት ከከተማዋ በስተ ምዕራብ፣ መሬቱ ወደ ፎገራ ሜዳ ዝቅ ማለት ከሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ፣ ከጌሾው ተክል አጠገብ፣ አንድ አውቶቡስ ከቆመ ሦስት ዓመት አልፎታል። ዶሮዎች በመሪው ሥር ይፈለፍላሉ፤ የሰፈር ልጆችም በኋላ መቀመጫው ላይ ተደርድረው «ጎንደር! ጎንደር! አንድ ሰው የቀረው!» እያሉ ይጫወታሉ።

አውቶቡሱ የታናሽ ወንድሜ ነው። አሽከርካሪዎች «ቅጥቅጥ» ከሚሏቸው አንዱ ሲሆን፣ ሻንሲውና ሞተሩ የኢሱዙ የጭነት መኪና፣ አካሉ ግን በአገር ውስጥ ጋራዥ ከላሜራ ተቆርጦ፣ ተበይዶና ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከዚሁ ነው። ወንድሜ በዚህ መኪና ከወረታ ጎንደር፣ ከወረታ ደብረ ታቦር ለአሥራ ስምንት ዓመታት ተመላልሶበታል። ልጆቹን ያስተማረው፣ ለእናታችንም ቆርቆሮ ያለበሰላት በእርሱ ገቢ ነው። ውሎ አድሮ ግን ሞተሩ እየደከመ፣ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋ ሄደ። ቦሎ ለማግኘት በየዓመቱ የሚደረገው ምርመራም ከዓመት ወደ ዓመት እየከበደው መጣ። በመጨረሻ ወንድሜ ግቢ አስገብቶ አቆመውና ሌላ ሰው ዘንድ ተቀጥሮ ማሽከርከር ጀመረ።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር አንድ የብረት ነጋዴ መጣ። አውቶቡሱን ዞሮ ዞሮ ካየ በኋላ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገና፣ ቆራርጦ በኪሎ ሊወስደው እንደሚፈልግ ተናገረ። ወንድሜ መልስ አልሰጠም። እኔ ግን ከባሕር ዳር ለእረፍት መጥቼ ከጎኑ ቆሜ ነበርና ሳላስበው «አይሸጥም!» አልኩ። ነጋዴው ከሄደ በኋላ እናቴና ወንድሜ ምክንያቱን ጠየቁኝ። «ቤት እናደርገዋለን» አልኳቸው። ወንድሜ ሳቀ። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ «ቤት የለንም ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን ቀን ለዚህ ጥያቄ የሰጠሁት መልስ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ማምለጫ ነበር።

በመጀመሪያ ያቀረብኩት ምክንያት የገንዘብ ነው። አዲስ ቤት ሲሠራ መሠረት ይቆፈራል፣ ግድግዳ ይቆማል፣ ጣራ ይመታል፤ አውቶቡስ ግን ወለሉም፣ ግድግዳውም፣ ጣራውም፣ መስኮቱም አብረው የተገኙ ናቸው። በአገራችን መሬት ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ በግል የሚሸጥ የሚለወጥ ባለመሆኑ፣ በከተማ ቦታ የሚፈልግ ሰው በሊዝ መጫረት ወይም ተራ መጠበቅ አለበት። ጎማ ያለው ቤት መሠረት አይጠይቅም። ይህን ስናገር ግን ቤተሰቤ የሚያውቀው ሌላም ነገር ነበር። በመምህርነት ባሳለፍኳቸው ሃያ ሰባት ዓመታት ውስጥ በአምስት ትምህርት ቤቶች አስተምሬ ዘጠኝ ቤት ተከራይቻለሁ። የዝውውር ደብዳቤ በደረሰኝ ቁጥር መጻሕፍቴን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቄ በአውቶቡስ ፖርቶመጋላ ላይ አስጭኛለሁ፤ ሁለት ጊዜም በዝናብ በስብሰውብኛል። ስለዚህ ዕቃው ሳይነሣ ቤቱ ራሱ የሚነሣበት ነገር ለእኔ የቆየ ምኞት ነው።

ሁለተኛው ምክንያቴ ጎርፍ ነበር፤ በዚህ ላይ እናቴም ወንድሜም አልተከራከሩኝም። ርብና ጉማራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ተነሥተው፣ አፈሩን እየጠረጉ ወርደው፣ በፎገራ ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ሜዳው ዝርግ ስለሆነ ውኃው ፍጥነቱን ያጣል፤ ፍጥነቱን ሲያጣም የተሸከመውን ደለል በራሱ መውረጃ ላይ ያራግፋል። በዚህ የተነሣ ወንዙ በክረምት ዳርቻውን ጥሶ ይወጣል። ይኸው ውኃ ነው የፎገራን ሩዝ የሚያበቅለው፤ ይኸው ውኃ ነው ቤት የሚያፈርሰው። በነሐሴ ወር 1998 ዓ.ም. በፎገራና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። በዚያ ክረምት የእኛም ግቢ በውኃ ተሞላ። የጭቃው ጎታ ከሥሩ እየሟሟ ዘመመና ሌሊቱን ተደረመሰ፤ የዓመቱ እህልም ወደ ገንፎነት ተለወጠ። እናቴ ጠዋት ሲነጋ በአልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ የቡናውን ጀበና በጉልበቷ ላይ ይዛ አገኘናት። ከቤቱ ያዳነችው እርሱን ብቻ ነበር።

«አውቶቡስ ቢሆን ኖሮ ነድተነው ዳገቱ ላይ እናወጣው ነበር» አልኩ። ወንድሜ እዚህ ላይ አረመኝ። «ጋሼ፣ ይህ አፈር ዋልካ ነው እኮ። ውኃው ከመጣ በኋላማ ጎማው እስከ ባሌስትራው ይሰምጣል፤ በሰኔ፣ መሬቱ ሳይረጥብ መውጣት አለበት» አለኝ። ትክክል ነው። በወረቀት ላይ ማሰብ የለመደ ሰው እንዲህ ያለውን ስሕተት ይሠራል። ይሁን እንጂ ያን ጊዜ ወንድሜ ራሱ አውቶቡሱ መቼ መነሣት እንዳለበት ማስላት መጀመሩን ልብ ብዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ወደ ሙያው ገባ። መኪናው የቤት ዕቃ ይችል እንደሆነ እናቴ ጠየቀች። ስሌቱ ቀላል ነው። አንድን መንገደኛ በአማካይ 60 ኪሎ ግራም ብንለው፣ 24 መንገደኞች 1,440 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ፤ በፖርቶመጋላው ላይ የሚጫነው ከረጢትና ዶሮ ሳይቆጠር ነው። በአንጻሩ አንድ በርሜል ውኃ 200 ኪሎ ግራም ነው። አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ ለግድግዳው ልባስ የሚሆነው ኮምፔንሳቶና ሌላው ዕቃ ሁሉ ቢደመር የመንገደኞቹን ክብደት ግማሽ ያህላል። ነገር ግን ክብደቱ ብቻ ሳይሆን አቀማመጡም መታየት አለበት፤ ከባዱ ዕቃ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል፣ ወደ ወለሉ ተጠግቶ ካልተቀመጠ መኪናው በመታጠፊያ ላይ ይንገዳገዳል። የቡታጋዝ ሲሊንደር ያለበት ክፍል ደግሞ ከወለሉ አጠገብ ማናፈሻ ቀዳዳ ያስፈልገዋል፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ካፈተለከ የሚከማቸው ታች ነው። ላሜራው በቀን ፀሐይ እንደ ምጣድ ስለሚግልና ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ በእርሱና በኮምፔንሳቶው መካከል ሙቀት የማያስተላልፍ ነገር መግባት ይኖርበታል። ወንድሜም አንድ ጨመረ፤ መኪናው ለወራት በአንድ ቦታ ሲቆም ክብደቱ በጎማው ላይ እንዳያርፍ በግንድ መደገፍ፣ ሞተሩም በየጊዜው መነሣት እንዳለበት ነገረን። የመኪናን ቅርጽና አገልግሎት ለመለወጥ ፈቃድ ያስፈልጋልና ሊብሬውን ይዞ ወደ መንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የመሄዱን ጣጣ ለእኔ ተወልኝ።

እናቴ ይህን ሁሉ በጸጥታ ካዳመጠች በኋላ፣ «መልካም፣ ቤቱን በጎማ ወሰድከው። ጎረቤቱን በምን ትጭነዋለህ?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። እናቴ የዕድር አባል ናት፤ የማርያም ማኅበር አላት፤ እሳት ሲጠፋባት ፍም የምትጭረው ከማን ቤት እንደሆነ ታውቃለች። በሰሜን አሜሪካ ከአገልግሎት የወጡ ቢጫ የትምህርት ቤት አውቶቡሶችን ገዝተው ቤት የሚያደርጉ ብዙዎች ናቸው። የእነዚያ ሰዎች ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ኪራይ ዕዳ መላቀቅ ወይም አገር ማየት ነው። ይህን ልነግራት ብዬ ተውኩት፤ አገር ማየት እናቴን እንደማያማልላት አውቃለሁና። በምትኩ ታሪክ ጠቀስኩላት። ነገሥታቶቻችን በድንኳን ከተማ ይዘዋወሩ ነበር፤ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያን ሰፈር አይቶ ጽፏል። በአንድ ቦታ ማገዶና ስንቅ ሲያልቅ ቤተ መንግሥቱ ተነቅሎ ይሄዳል። ከይፋግ ወደ ጎንደር ሲሄዱ እንፍራዝ አጠገብ የሚታየው የጉዛራ ግንብም የመርጋት ጅምር ነው፤ ጎንደርም ቋሚ ከተማ የሆነችው በ1636 እ.ኤ.አ. ገደማ በአፄ ፋሲል ዘመን ነው። እናቴ ግን፣ «ንጉሥ እኮ ሲነሣ ጎረቤቱም አብሮት ይነሣል» አለች። ክርክሩ በዚህ አበቃ፤ እኔም ተረታሁ።

እውነተኛውን ምክንያት ለወንድሜ የነገርኩት ማታ ነው። እናታችን ጉልበቷንና ወገቧን ስለሚያማት በየሦስት ወሩ ለሕክምና ጎንደር ትሄዳለች። በሕዝብ አውቶቡስ ላይ ተቀምጣ መድረስ እየከበዳት መጥቷል፤ ስትመለስ ሁለት ሦስት ቀን አልጋ ላይ ትውላለች። ባሕር ዳር ከእኔ ጋር እንድትኖር ስንት ጊዜ ለምኛታለሁ፤ «በሰው ቤት አልሞትም» ትለኛለች። ልክ ናት፤ እኔ ራሴ በሰው ቤት ነኝ። ስለዚህ ያሰብኩት ቤቷን ትታ እንድትመጣ ሳይሆን፣ የገዛ አልጋዋ፣ የገዛ ጀበናዋ ያሉበት ክፍል እርሷን ይዞ ሐኪም ዘንድ ደርሶ እንዲመለስ ነው። ከሌላው ጊዜ በይፋግ፣ በጌሾዋ አጠገብ፣ ከዕድሯም ሳትለይ ትኖራለች። ወንድሜ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም «ለሞተሩ እኔ አለሁ» አለኝ። ብረት ነጋዴው በመጣ ቀን ለምን መልስ ሳይሰጥ እንደቀረ የገባኝ በዚህ ጊዜ ነው፤ እርሱም መሸጡን አልወደደውም ነበር።

ሥራው አሁን በመካከል ላይ ይገኛል። ሞተሩ ተፈታቶ ፒስተንና ቀለበቶቹ ተለውጠዋል፤ ፍሪሲዮኑ ይቀራል። የፈቃዱ ማመልከቻም ገብቷል። እናቴ ወደ አውቶቡሱ መግባት የጀመረችው ወለሉ ከተጠረገ ወዲህ ሲሆን፣ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ያለውን ቦታ በክንዷ ለክታ ረከቦቷ እዚያ እንዲቀመጥ አዝዛለች። ምጣዱን ግን አላስገባም ብላለች፤ እንጀራ በአሮጌው ቤት ይጋገራል። የተነቀሉትን መቀመጫዎች ብረት ነጋዴው እንደገና መጥቶ ጠይቆን ነበር። እናቴ ግን አስቀድማ ለዕድሩ ሰጥታቸዋለች። ባለፈው ሳምንት ከጎረቤት ለቅሶ ስንደርስ፣ ሽማግሌዎቹ በድንኳኑ ውስጥ በአውቶቡሱ ወንበሮች ላይ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ሁሉም ወደ ፊት ዞረው ተቀምጠው አገኘናቸው።