ዘፈኑና ቀጠሮው

ሚያዝያ 17 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፕሪል 25 ቀን 1974፣ ከእኩለ ሌሊት ጥቂት ደቂቃዎች እንዳለፉ በሊዝበን ከተማ አንድ የራዲዮ ጣቢያ አንድ ዘፈን አሰማ። ዘፈኑ የዦዜ አፎንሶ ነበር፤ ስለ አንዲት የደቡብ ፖርቱጋል ከተማና ስለ ሰዎቿ ወንድማማችነት የተዜመ። እንቅልፍ አጥቶ ለሚያዳምጥ ሰው የሌሊት ማሳለፊያ ዜማ ነበር፤ በየጦር ሰፈሩ ራዲዮ ከፍተው ለሚጠብቁ መኮንኖች ግን የመነሻ ምልክት ነበር። ጀምበር ሳትጠልቅ፣ ከ1926 ወዲህ ለ48 ዓመታት የቆየው አምባገነናዊ ሥርዓት ወደቀ። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሳላዛርና በተተኪው በካኤታኖ ዘመን የፖርቱጋል ደራሲ አንዲት ቃል ከመጻፉ በፊት የሳንሱሩን ሰማያዊ እርሳስ ማሰብ ነበረበት። ጋዜጣው፣ ቴአትሩ፣ ዘፈኑ ሁሉ በዚያ እርሳስ ሥር ያልፍ ነበር። ከአፎንሶ ዘፈኖች ብዙዎቹ ታግደው ሳለ ይህኛው አልታገደም። ሳንሱሩ ቃላቱን መርምሯል፤ ቃላቱን ማን እየጠበቃቸው እንደ ነበር ግን ሊመረምር አልቻለም።

ይህ ታሪክ ሲተረክ አብዛኛውን ጊዜ የሊዝበን ታሪክ ሆኖ ይቀራል፦ ወጣት ሻምበሎች፣ ታንኮች፣ በጠመንጃ አፈሙዝ የተሰካ ቀይ አበባ። ነገር ግን ሻምበሎቹ ያንን ሌሊት የተማሩት ከሊዝበን ርቀው ነበር። ፖርቱጋል በ1961 በአንጎላ፣ በ1963 በጊኒ ቢሳው፣ በ1964 በሞዛምቢክ በተቀጣጠለው የነፃነት ትግል ላይ ጦር አዝምታ ለ13 ዓመታት ተዋግታለች። በዚያች ሌሊት ከሳንታሬም ተነሥቶ የጦር ተሽከርካሪዎችን ወደ ዋና ከተማዋ የመራው ሻምበል ሳልጌሮ ማያ በሞዛምቢክም በጊኒም የዘመተ መኮንን ነበር። የጊኒው መሪ አሚልካር ካብራል ትግላቸው ከቅኝ አገዛዙ ጋር እንጂ ከፖርቱጋል ሕዝብ ጋር አለመሆኑን ደጋግመው ያስረዱ ነበር። በጥር 1973 በኮናክሪ ተገደሉ፤ ፓርቲያቸው ግን በዚያው ዓመት መስከረም የአገሩን ነፃነት አወጀ። በጦርነት የማይፈታ ነገር እንዳለ መኮንኖቹ የተረዱት በዚህ ምድር ላይ ነው። በ1963 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም በነፃነት ኮሚቴው አማካይነት እነዚህን ታጋዮች ይደግፍ ነበር። እንግዲህ ለፖርቱጋል ዴሞክራሲ ከውጭ የመጣው የመጀመሪያው ኃይል የጫካ ታጋይ እንጂ የኃያላን መንግሥታት መልእክተኛ አልነበረም ማለት ነው።

ኃያላኑ የደረሱት በኋላ ነው። ፖርቱጋል በ1949 ከኔቶ መሥራቾች አንዷ ስትሆን አምባገነን መሆኗ እንቅፋት አልሆነባትም፤ በአዞረስ ደሴቶች ያለው የጦር ሰፈር ከሕዝቧ ድምፅ ይልቅ ይፈለግ ነበርና። ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ግን ሁሉም ፊቱን ወደ ሊዝበን መለሰ። ሞስኮ ኮሙኒስት ፓርቲውን ደገፈች። የምዕራብ አውሮፓ ሶሻል ዴሞክራቶች በ1973 በምዕራብ ጀርመን የተመሠረተውን የማሪዮ ሶአሬሽን የሶሻሊስት ፓርቲ ረዱ። በዋሽንግተን ኪሲንጀር አገሪቱን እንደ ጠፋች ሲቆጥሯት፣ በሊዝበን የነበሩት አምባሳደር ካርሉቺ ለዘብተኞቹን መርዳት ይሻላል ብለው ተከራከሩ። አንዲት ትንሽ አገር ከግራም ከቀኝም ተጎተተች።

ይሁን እንጂ ሻምበሎቹ ከሁሉ በፊት ለሕዝቡ የሰጡት ቀጠሮ ነበር፦ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕገ መንግሥት የሚያረቅ ጉባኤ ይመረጣል ብለው ነበር። በመካከሉ መንግሥታት ተለዋወጡ፣ ግልበጣ ተሞከረ፣ ባንኮች ተወረሱ። ቀጠሮው ግን አልፈረሰም። ልክ በዓመቱ፣ ኤፕሪል 25 ቀን 1975፣ ከተመዘገበው መራጭ ከመቶ 91 በላይ የሚሆነው ሰው ወጥቶ ተሰለፈ። ሶሻሊስቶቹ ከመቶ 38 ያህል፣ ኮሙኒስቶቹ ከመቶ 12 ተኩል ያህል ድምፅ አገኙ። ከዚያ በኋላም ቢሆን ነገሩ በአንድ ጊዜ አልሰከነም። በኅዳር 1975 ወታደሩ እርስ በርሱ ሊጫረስ ተቃርቦ ነበር፤ ሕገ መንግሥቱ በ1976 ጸደቀ፤ የመኮንኖቹ የአብዮት ምክር ቤት እስከ 1982 ቆየ፤ ዴሞክራሲን ለአባልነት ቅድመ ሁኔታ ያደረገው የአውሮፓ ማኅበረሰብም በሩን የከፈተው በ1986 ነው።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ታሪክ ሲያነብ ዓመተ ምሕረቱ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። በዚያው በ1966 ዓ.ም. ጸደይ በአዲስ አበባም ወታደሮች ተነሥተው ነበር፤ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ዘውዱን አወረዱ። በዚያም በዚህም ሥርዓቱ አርጅቶ ነበር፤ በዚያም በዚህም ሕዝቡ ደስ ብሎት አደባባይ ወጥቷል። በዚያም በዚህም የውጭ ኃይሎች ሽሚያ አልጠፋም። ነገር ግን በአንደኛው አገር ወታደሩ የሰጠውን ቀን አከበረ፤ በሌላው ወታደሩ ራሱ ለ17 ዓመታት ገዛ። ሽሚያው ብቻውን ይህን ልዩነት አያስረዳም። የውጭ እጅ በር ሊያላላ ወይም ሊቀረቅር ይችላል፤ ቀጠሮ የሚያከብር ወይም የሚያፈርስ ግን የቤቱ ሰው ነው።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። ፖርቱጋል ያንን ቀን በየዓመቱ በአበባ ታከብራለች። በዚያ ቀን የምስጢር ፖሊሱ በሕዝብ ላይ ተኩሶ አራት ሰዎች እንደ ገደለ የሚያስታውሱም አሉ። ነገር ግን በዓሉ ሙሉ የሚሆነው፣ በጊኒና በአንጎላ በሞዛምቢክም ጫካ የወደቁት ታጋዮች ለራሳቸው አገር ነፃነት ሲሞቱ የገዢያቸውን ሕዝብ ጭምር ነፃ ማውጣታቸው ሲነገር ነው። ሻምበሎቹ ይህን ያውቁ ነበር፤ ወግተውም አልረሱም። ያ ዘፈን በእኩለ ሌሊት ጆሯቸው የደረሰው ከዚያ ጫካ የተመለሱ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው።