የአሰቡ ቬንቲላተርና የእናቴ እንስራ

ዋጃን በመኪና መስኮት ብቻ የሚያውቃት መንገደኛ ብዙ ነው። ከቆቦ ወደ አላማጣ ሲያልፍ መኪናው ቆም ይልለታል፤ «ኧረ ይሄ ሙቀት!» ብሎ ውሃውን ይጠጣና ይሄዳል። እኛ የሜዳው ልጆች ግን ከሙቀቱ ጋር አብረን አድገናል። መቼስ ሰው ባደገበት ፀሐይ ብዙ አይማረርም፤ ያቀዘቀዘለትን ዕቃ ግን አይረሳም።

የኛ ቤት ሁለት ማቀዝቀዣ ነበረው። አንደኛው የእናቴ እንስራ፣ ሁለተኛው አያቴ ከአሰብ ያመጡት የብረት ቬንቲላተር። አያቴ ወደቡ በ1990 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት እስኪዘጋብን ድረስ በኤንትሬ የአሰብን መንገድ የተመላለሱ ሹፌር ነበሩ። ስለ አሰብ ሲያወሩ ከባሕሩ ይልቅ ኤርኮንዲሽኑን ያስቀድሙ ነበር፦ በመስኮት የተሰካ፣ ሌሊቱን ሲያጓራ የሚያድር፣ ከጀርባው ውሃ የሚያንጠባጥብ የብረት ሣጥን። «ያ ነበር ዕቃ ማለት! በመፍቻ ትፈታዋለህ፣ ታጥበዋለህ፣ መልሰህ ታስረዋለህ፤ ይሠራል» ይሉ ነበር።

ኋላ እዚህ ግቢ ገብቼ ሳነብ አንድ ነገር አስገረመኝ። እ.ኤ.አ. በ1902 ዊሊስ ካሪየር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ኤርኮንዲሽን የነደፈው ለሰው ምቾት ብሎ አይደለም። ብሩክሊን ውስጥ ያለ አንድ ማተሚያ ቤት ወረቀቱ በአየሩ እርጥበት እየተነፋ ቀለሙ አልገጥም ስላለው ነው። ይህችን መጽሔት የምታባዙ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ከናንተ ጋር ዝምድና አለው ማለት ነው!

ያ ሣጥን ብርድ አይፈጥርም። የቤቱን ሙቀት ተሸክሞ ውጭ ይጥላል፤ እርጥበቱንም ውሃ አድርጎ ያንጠባጥባል። እንስራ ደግሞ በሌላ መንገድ ይሠራል። ውሃው በሸክላው ቀዳዳ ወደ ውጭ ያልበዋል፤ ላቡ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ የቀረው ውሃ ይቀዘቅዛል። ለዚህ ግን ደረቅ አየር ያስፈልጋል። በአሰብ የባሕር ወበቅ እንስራ ብዙም አይረዳም፤ በዋጃ ደረቅ በጋ ግን ጌታ ነው።

እናቴ ይህን ከማንም ሳትማር ታውቀዋለች። ቀን ሲከር እንስራውን ከቬንቲላተሩ ፊት ታቆመዋለች። ነፋሱ የእንስራውን ላብ እየጠረገ ውሃውን ያቀዘቅዘዋል፤ የሚደርሰንም አየር ለስለስ ይላል። እንስራው በወይራ የታጠነ ስለሆነ ውሃው ሽታው ራሱ ያረካል። ላቡ ሲቀንስ ቀዳዳው መደፈኑ ነውና አሸዋ ይዛ ትፈትገዋለች። አያቴ ደግሞ በየክረምቱ መውጫ ቬንቲላተሩን ፈተው የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ያደርጉለታል።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ሳቢያ መብራት ለወራት ሲጠፋ ቬንቲላተሩ ቆመ። እንስራው ግን አልቆመም። የጎረቤት ሕፃናት ትኩሳት ሲይዛቸው ጨርቅ የሚነከረው ከዚያ እንስራ ነበር። ያኔ ነው የሸክላ ሠሪዋ ሙያ ምን እንደሆነ የገባን። ይህች ሴት ስንት ዘመን በእጇ እየተጠቀምን ስሟን በንቀት የጠራናት ናት።

አሁን ከቤት የሚመጣው ወሬ ሌላ ነው። አያቴ አርፈዋል። ታናሽ ወንድሜ ቬንቲላተሩን ለቆራሌው ሸጦ ላስቲኩን ሊገዛ ይፈልጋል። «የድሮ ዕቃ ሁሉ ጠንካራ ነበር ብለህ አትመጻደቅ፤ የተሰበረው ተጥሎ ነው የማናየው» ይለኛል። እውነቱን ነው። ግን እኮ ይኼኛው የቀረው በብረቱ ብቻ አይደለም። በየዓመቱ የሚፈታው ሰው ስለነበረው ነው። ዕቃ የሚያረጀው ሆዱን የሚያውቅለት ሲያጣ ነው።

ስለዚህ ለወንድሜ እንዲህ ብዬ ጽፌለታለሁ፦ «አትሽጠው። ለበጋ ዕረፍት ስመጣ አብረን እንፈታዋለን። ዘይቱን እኔ አመጣለሁ፤ አንተ መፍቻውን ፈልግ። እናታችን እንስራዋን የምትፈትግበትን አሸዋም ከወንዙ አምጣላት።» መልሱን እየጠበቅሁ ነው።