ሦስት ሌሊት በአባይ በረሃ

ሰከላ ግሽ አባይ ጠበል የተጠመቅሁት እናቴ አዝላኝ ሄዳ ነው። ያው ውሃ ጣናን አቋርጦ፣ የጮቄን ተራራ ዞሮ፣ ከቡሬ በስተደቡብ በጥልቅ በረሃ ሲያልፍ መውጫ ያሳጣኝ ደግሞ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው።

ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ከአጎቴ ጋር ከወለጋ በበቅሎ ቡና ጭነን ስንመለስ አባይን በመልካው በደህና ተሻገርን፤ ውሃው ከበቅሎዋ ሆድ አላለፈም። የቀረን ዳገቱ ነው። የአባይ በረሃ ዳገት ግን እንደ ሌላው ዳገት ወጥ አይደለም፣ ደረጃ ደረጃ ነው። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰው ቅልጥ ድንጋይ ንብርብር ሆኖ ስለቀዘቀዘ፣ ጠንካራው ባዛልት ገደል ሆኖ ቆሟል፤ በመካከሉ ያለው ልል ድንጋይ ተሸርሽሮ ጠባብ መደብ ሠርቷል። ከሥር ያለው የአሸዋ ድንጋይ ደግሞ እንደ ግድግዳ ቀጥ ይላል። ስማቸውን ያወቅሁት በኋላ፣ ፍኖተ ሰላም ጂኦግራፊ አስተማሪ ስሆን ነው። ያን ቀን ያየሁት የበቅሎዋ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ ብቻ ነበር።

«ወንዙን ይዘን ወደ ታች ብንወርድ ቀለል ያለ መውጫ አለ ይላሉ» አለ አጎቴ።

«አያ፣ በመጣንበት ብንወጣስ?»

«በቅሎዋ አትችልም ልጄ።»

እውነቱን ነበር። ግማሽ ቀን ተጓዝን። ስፋቱ አሥር እርምጃ የማይሞላ፣ ግራና ቀኙ ቀጥ ያለ ድንጋይ የሆነ ደረቅ ገባር አለፍን። ጥቂት እንደሄድን ገደሉ ወንዙ ውስጥ ድረስ ገብቶ መንገዱን ዘጋብን። ተመለስን። ስንደርስ ገባሩ ሞልቷል። እኛ ጋ ጠብታ አልወረደም፤ የዘነበው ደጋው ላይ ነው። ደራሹ ቀይ አፈር፣ ኩበትና ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ ይዞ ይወርዳል፤ ውስጡ የሚንከባለለው ቋጥኝ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ይሰማል። ፊታችን ደራሽ፣ ኋላችን ገደል፣ ጎናችን አባይ። እሱም እየሞላ ነው።

ጭነቱንና ኮርቻውን አውርደን የድንጋይ መደብ ላይ ወጣን። በቅሎዋ መውጣት ስላልቻለች ታች ግራር ላይ አሰርናት። ሌሊት አንዴ ጮኸች። ሲነጋ ግራሩም አልነበረም።

የሜጀር ቺስማንን መጽሐፍ ያነበብሁ ጊዜ እንደ ልጅ ያለቀስሁት ለዚህ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1925 ጀምሮ ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺስማን፣ የአባይን መንገድ በካርታ ለማስፈር ሲነሳ በወንዙ ዳር መጓዝ እንደማይቻል ተረዳ። በየስፍራው ጥልቅ ገባር ይቆርጠዋል፣ ገደል ይዘጋበታል። ስለዚህ በቅሎዎቹን በደጋው ጠርዝ እየነዳ፣ መውረጃ ሲያገኝ ብቻ ወደ ወንዙ እየወረደ ሠራው። መጽሐፉ በ1936 ወጣ። ከእሱ በፊት፣ በ1903፣ ማክሚላን የሚባል አሜሪካዊ ሀብታም የብረት ጀልባዎች አሠርቶ በውሃው ላይ ሊወርድ ሞክሮ ነበር፤ ብዙም ሳይርቁ ድንጋይና ፏፏቴ ሰባበራቸው። በ1968 ወንዙን ሊወርዱ ከመጡት የእንግሊዝ ወታደሮች አንዱ፣ ኢያን ማክሊዮድ፣ የሞተው ገባር ወንዝ ሲሻገር ነው። ዋናው አባይ አይደለም የወሰደው። ይህን ሳነብ የእኛ ገባር ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ።

የአገሬው ሰው ግን ይህን ከሁሉም በፊት ያውቅ ነበር። ከቡሬ ወደ በረሃው የሚወርደው መንገድ ሁሉ ተሻግሮ ማዶ ይወጣል፤ ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ አንድም የለም። ያ በረሃ መሻገሪያ እንጂ መከተያ አልተሰጠውም። አጎቴ ይህን ያጣው አይመስለኝም። ለበቅሎዋ አዝኖ ነው።

በሶ ነበረን። የደራሹን ውሃ በቅል ቀድተን፣ አፈሩ እስኪዘቅጥ ጠብቀን ከላይ ከላዩ እንጠጣለን። አጎቴ ከመጀመሪያው ማለዳ አንስቶ በገባሩ ጠርዝ ጠጠር ይደረድር ጀመር፤ ውሃው በደረሰበት ሁሉ አንድ ጠጠር። ምን እንደሚሠራ አልነገረኝም። እኔ ሙቀቱና ወባው ይጨርሰናል እያልሁ አምላኬን እለምናለሁ፤ እሱ ጠጠሩን ያያል። ሦስተኛው ሌሊት ላይ ጠራኝ። «ተመልከት። ደጋው ከቀትር በኋላ ይዘንባል። ውሃው እዚህ የሚደርሰው ሲመሽ ነው። ዶሮ ሲጮህ ይጎድላል።»

ዶሮ በሌለበት በረሃ ዶሮ ሲጮህ ማለቱን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ጎህ ሲቀድ መጫኛውን ወገባችን ላይ አሠርን፤ አንዱ ጫፍ እሱ ላይ፣ አንዱ እኔ ላይ። ቡናውን ትተን ኮርቻውን ራሴ ላይ አደረግሁ፤ ለምን እንዳልጣልሁት አላውቅም። ውሃው ደረቴ ድረስ ነበር፤ ከሥር የሚንከባለለው ድንጋይ ቁርጭምጭሚቴን ይመታኛል። መካከል ላይ እግሬ ተነሳ። መጫኛው ወገቤን ቆረጠኝ፣ አጎቴም «ያዝ!» አለ። ምኑን እንደምይዝ አልነገረኝም፤ ኮርቻውን ያዝሁ።

በመጣንበት ዳገት፣ ደረጃ በደረጃ፣ ሁለት ቀን ወጣን። ቡሬ ስንገባ እናቴ ደጅ ላይ ስንዴ ታበጥር ነበር። እኔን ከማየቷ በፊት ራሴ ላይ ያለውን ኮርቻ አየች፤ ከኋላችንም በቅሎዋን ፈለገች። ሰፌዱን መሬት አስቀምጣ ተነሳች።